ወደ ሰሜን የዞረው ሳጥን

ኤርፉርት፣ ጀርመን
ኖቬምበር 20 ቀን 1993

ለተከበሩ አክስቴ ለኤውሎሂያ ዩክራ፣

እንደምን ከርመዋል? ቤቱ፣ ላማዎቹ፣ ጉልበትዎ እንዴት ናቸው? ድንግል ማርያም ከነመንደሩ ትጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ በልቼ አድራለሁ፣ ሥራም አለኝ፤ እንቅልፍ ግን የለኝም። ምክንያቱን ልንገርዎ፣ አይሳቁብኝ።

የምሠራበትን የአትክልት ቦታ ባለፈው ጽፌልዎታለሁ። ባለቤቱ ሽማግሌው ብራንዲስ ብርድ የማይገድለውን የዱር ቁልቋል ከየአገሩ እየሰበሰበ ያበቅላል። ባለፈው ሳምንት ከቦሊቪያ ደጋ መጣ ያለውን ሳጥን ሲከፍት ልቤ ዘለለ። የእኛ አይራምፖ፣ ሱፍ የምናቀላበት ቁልቋል! ግማሹ አይራምፖ፣ ግማሹ የቀበሮ አይራምፖ፣ ተደባልቆ። «ጌታዬ፣ እነዚህ ሁለት ናቸው» አልኩት። መጽሐፉን አመጣ። መጽሐፉ አንድ ናቸው፣ የሚለያያቸው ዕድሜና አፈር ብቻ ነው ይላል። ዝም ብል ምን ነበረበት? አፌ አያርፍ። ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት «መጽሐፉ ተሳስቷል፤ ያሳደጉኝ አክስቴ አንዱን ካንዱ አሳስተው አያውቁም» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ብራንዲስ ግን አልሳቀም። «ከሁለቱም ዘር አስመጣ፣ ለየብቻ» አለኝ። «እውነትህን ከሆነ ሁለት ስም እጽፋለሁ። ካልሆነ ግን ከእንግዲህ የውሃ ጎማህን ይዘህ ዝም ትላለህ።»

አክስቴ፣ እዚህ አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብያለሁ። ቋንቋቸው ለአፌ ስለሚከብድ ደደብ እመስላቸዋለሁ። ከእነሱ የተሻለ የማውቀው ነገር ቢኖር ይህ አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ያገኘሁት ከእርስዎ ነው። እባክዎ ፍሬው ሲበስል ከሁለቱም ይላኩልኝ። ለእርስዎስ ምን ልላክ? ሹራብ? ለጉልበትዎ ቅባት?

የእህትዎ ልጅ ዊልፍሬዶ


ቹኪ ፓምፓ፣ ቦሊቪያ
ማርች 27 ቀን 1994

ልጄ ዊልፍሬዶ፣

ያለህበት ሰማይ ይታረቅህ፣ የምትረግጠው መሬት ይልመድህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በጃንዋሪ ነው። የቆየሁት ፍሬው እስኪበስል ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም።

አንተ ልጅ፣ አፍህ መቼ ነው የሚበስለው? ቢሆንም ደግ አደረግክ። አንድ ናቸው? እንዴት ያለ መጽሐፍ ነው! ለመሆኑ የጻፈው ሰውዬ የቀበሮ አይራምፖ ቀቅሎ ሱፍ ነክሮበት ያውቃል?

ረስተህ እንደሆነ ላስታውስህ። ቁመታቸው አንድ፣ አበባቸው አንድ፣ ፍሬያቸው አንድ። በእጅ ብትነካቸው መንታ ናቸው፣ እኩል ይወጉሃል። የሚለያቸው ዓይን ነው። እሾሁ የሚበቅልበትን ቦታ እይ፤ የእኛው ሥሩ እንደ ላማ ድድ ቀላ ያለ ነው፣ የቀበሮው አመድማ። ከዚያ ዘሩ ላይ እንትፍ በልና በአውራ ጣትህ ጥፍር ላይ እሸው። የእኛው ጥፍርህን ያቀላዋል። የቀበሮው ምንም አያመጣም።

ሁለት ከረጢት ልኬልሃለሁ። አንድ ቋጠሮ ያለው የእኛው፣ ሁለት ቋጠሮ ያለው የቀበሮው። ጽሑፍ አላደረግኩበትም፣ ቋጠሮ ይበቃል። ስትዘራ ሳጥኑን ከቤቱ በስተሰሜን አስቀምጠህ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙረው፣ ፀሐይ ትድረሰው። ልጅ ሆነህ ሁልጊዜ ይህን ትረሳ ነበር። አሁንም ብትረሳ ውርድ ከራሴ።

ሹራብ አልፈልግም፣ ቅባትም አልፈልግም። ብትችል ወፍራም ጥቁር ብዕር ላክልኝ፤ የዚህ አገር ብዕር ቀለሙ ሳስቷል። አጉሊ መነጽር የሚሉትንም ካገኘህ ላክ። ለእኔ አይደለም፣ ለጎረቤታችን ለኒካኖር ነው፤ አርጅቶ ዓይኑ ደክሟል። አንተም ፊደልህን ተለቅ አድርገው፤ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል።

ልጄ ፎርቱናታ ለካርኒቫል በዓል ከፖቶሲ ከተማ መጥታ ነበር። «እማ፣ ብቻሽን ከምትሆኚ ከእኔ ጋር ኑሪ» ትላለች። የልጄን ቤት ጠልቼ አይደለም። ግን እዚያ ምን እሠራለሁ? ቴሌቪዥን ልጠብቅ? እዚህ ሱፍ የሚያቀላ ሰው ሁሉ አይራምፖ የሚወስደው ከእኔ ነው። ይህን እስከሠራሁ ድረስ ከዚህ ቤት ማንም አያነሣኝም ብዬ መለስኳት።

አክስትህ ኤውሎሂያ


ኤርፉርት
ሜይ 19 ቀን 1994

አክስቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ አጭር በመሆኑ ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ ማስረዘም አልቻልኩም።

ከረጢቶቹ ደረሱ። ብራንዲስ ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰበ። እኔም ነጭ ሸሚዝ ለብሼ፣ እንደ አስተማሪ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ያሉኝን ሁሉ አስረዳሁ። ባለ አንድ ቋጠሮውን ፈታሁ። እንትፍ ብዬ አሸሁት፤ ጥፍሬ ቀላ! አጨበጨቡ። ሁለተኛውም አቀላ። ሦስተኛው ምንም። አራተኛው ምንም። አምስተኛው አቀላ። ላብ ላብ አለኝ። ባለ ሁለት ቋጠሮውን ስፈታ ደግሞ የመጀመሪያዋ ዘር ጥፍሬን ደም አስመሰለችው።

ከሁለቱም ከረጢት ሁለቱም ወጣ! ብራንዲስ «ያቀላው የበሰለው ይሆናል፣ ያላቀላው ጥሬው» አለ። አንዱ ከኋላ «ታዲያ አክስትየዋም መጽሐፉን ደግፈዋል ማለት ነው» ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ምን ሆነው ነው? ዓይንዎ የት ሄዶ ነው? ሌላ ሰው ልከው አስለቀሙ? ደብዳቤዎንም እንደገና አየሁት፤ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዱ ቃል በሌላው ላይ ተደርቧል። ተቻኩለው ነው የጻፉት፤ ዘሩንም እንደዚያው። እኔ እዚህ በእርስዎ ስም ቆሜ ነበር።

በንዴት ሰባት ቀን ሙሉ ዘሩን አንድ በአንድ በጥፍሬ ለየሁ፤ አውራ ጣቴ ቆስሏል። ያቀላውን ከሳጥኑ በስተግራ፣ ያላቀላውን በስተቀኝ ዘራሁት። ለምን እንደለፋሁ አላውቅም፤ የሚጠይቀኝም የለም። ሳጥኑን ከቤቱ ኋላ ፊቱን ወደ ሰሜን አዙሬዋለሁ፣ እንዳሉኝ። ብዕሩንና አጉሊ መነጽሩን ልኬያለሁ።

ዊልፍሬዶ


ኤርፉርት
ሴፕቴምበር 2 ቀን 1994

ለአክስቴ፣ ጤናዎን እየተመኘሁ፣

ከጻፍኩልዎ አራት ወር ሊሞላ ነው። ፖስተኛው ሲመጣ ከበሩ ላይ አልጠፋም፤ ሥራ ትቼ ስሮጥ ብራንዲስ ሁለቴ ተቆጣኝ። ያንን ደብዳቤ ባልጻፍኩት ይሻለኝ ነበር። የጻፍኩት በተናደድኩበት ቀን ነው።

ዘሩ በቅሏል። ግራውም ቀኙም የሕፃን አውራ ጣት የሚያክል አረንጓዴ ነገር ነው፣ ምንም አይለያይም። አንዳንዴ ብራንዲስ እውነቱን ይሆን እላለሁ። ይህን ማሰቤ ራሱ ያስፈራኛል፤ እርስዎ ዝም ሲሉ ነው የሚመጣብኝ።

ታመው ነው? አንዲት ቃል ይጻፉልኝ። ስድብም ይሁን፣ ግድ የለም።

ዊልፍሬዶ


ቹኪ ፓምፓ
ዲሴምበር 4 ቀን 1994

ለዊልፍሬዶ፣ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው እኔ ጎረቤታችሁ ኒካኖር ኮልኬ ነኝ። አክስትህ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። እሷ ያለችውን ብቻ እንድጽፍ አስምላኛለች። ስለዚህ የራሴን በቅንፍ አስገባለሁ፤ ቅንፍ ምን እንደሆነ አታውቅም።

ልጄ፣ በረከቴ ይድረስህ። አልተቆጣሁም። ዓይንዎ የት ሄዶ ነው ብለህ ጠየቅከኝ። ሄዷል፣ ልጄ። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። የጤና ጣቢያው ሐኪም በመብራት አየና ከውስጥ ደርቋል፣ በቢላ የሚገፈፍ ዓይነት አይደለም አለኝ። አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሰው ሲመጣ አንድ ነገር ጥቁር ብሎ ይቆማል። (እኔ ስመጣ ግን «የሚሸተው መጣ» ትላለች።)

ለአንተ የላክሁትን ዘር በዳበሳ ነው የለቀምኩት። አርባ ዓመት የሄድኩበት ኮረብታ ነው፣ የቱ የት እንደሚበቅል አላጣም ብዬ ነበር። እሾሁን ዓይኔ ሥር አስጠግቼ ባየው ባየው ቀዩም አመድማውም አንድ ሆነብኝ። እንደምንም ብዬ ለሁለት ቋጠርኩት። ዋሸሁህ። በሰው ፊት አዋረድኩህ። ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ብዕሩን ይዤ ቁጭ እልና ወረቀቱ የቱ ጋ እንዳለቀ እንኳ አይታየኝም። ኒካኖርን ለመለመን ደግሞ እስካሁን ራሴን ስታገል ነበር። (ሠላሳ ዓመት ተኳርፈን ነበር፣ በአንዲት ላማ። ላማዋ ከሞተች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው።)

የመንደሩም ሰው ነቅቶብኛል። ሲፕሪያና ለልጇ ሠርግ ከእኔ በወሰደችው አይራምፖ ሱፍ ነክራ የውሻ ሽንት መስሎ ወጣባት። ሜዳ ላይ ዘርግታ ላለፈ ላገደመው ስታሳይ ዋለች። (አይቻለሁ። የውሻ ሽንት እንኳ ይሻላል።) ከዚያ ወዲህ ማንም በሬን አያንኳኳም።

ወሬው ፎርቱናታ ጋ ደርሷል። በጁን ለሚውለው ለዮሐንስ መጥምቅ በዓል መኪና ይዤ እመጣለሁ ብላ ላከችብኝ፤ ስድስት ወር ቀረ። አልሄድም ልላት ነው። ግን ምን ይዤ? ሥራዬ የምለው ነገር ከእጄ ወጣ። ይህን ቤት ትቼ የሄድኩ ዕለት የምሞት ይመስለኛል፣ ልጄ። እንደዚህ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። (እውነት ነው። ስትናገር ፊቷን አዙራ ነው።)

ምንም አትላክልኝ። ጻፍልኝ ብቻ፣ ኒካኖር ያነብልኛል፤ ድምፁ የአህያ ቢሆንም። (አጉሊ መነጽሩ ደርሶኛል። ለእኔ ነው ብላ ጽፋልሃለች አሉ! እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ማዶ ያለውን ላማ ጆሮውን አያለሁ። ትንባሆዬን በፀሐይ እለኩስበታለሁ፣ ተባረክ።)

አክስትህ ኤውሎሂያ፣ በኒካኖር እጅ


ኤርፉርት
ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1995

እናቴ፣ ዛሬስ እናቴ ልበልዎ፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ ሰላም እልዎታለሁ።

ደብዳቤዎን አንብቤ መሣሪያ ቤት ገብቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። «ዓይንዎ የት ሄዶ ነው» ብሎ የጻፈው እጄ ይቆረጥ። ይቅርታዎን ሳላገኝ መቀጠል አልነበረብኝም፤ ግን የምነግርዎ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል። አጎቴ ኒካኖር፣ ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለው፣ ሁለት ጊዜ ያንብቡላቸው።

ሳጥኑን ወደ ሰሜን አዙረው አላሉኝም? አዞርኩት። እኛ አገር ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሄዳለች፤ እዚህ አገር ግን የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። አምስት ዓመት በዓይኔ ሳየው ኖሬያለሁ። ግን እርስዎ ሰሜን ካሉ ሰሜን ነው፤ ልቤ መለስ ብሎ አልጠየቀም። የሌላው ሰው ሳጥን ሁሉ ደቡብ ግድግዳ ሥር ፀሐይ እየሞቀ በረዶው ውሎ ይቀልጣል። የእኔ ከቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማታውቀው ጥላ ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ቀን በረዶ ተሸክሞ ቆየ። ብራንዲስ ባለፈው ሳምንት ድንገት አገኘውና «ይህን እዚህ የወሸቀው ምን ያለ ሞኝ ነው?» ብሎ ጮኸ።

ሞተዋል ብዬ በረዶውን በእጄ ጠረግኩ። አክስቴ፣ ግራው ተኝቷል! ጥፍሬን ያቀሉት፣ የእኛዎቹ፣ አንድም ሳይቀር መሬት ላይ ተጋድመዋል። ተጨማደዋል፣ ሲነኳቸው ለቹኞ ብርድ ላይ አሳድረን፣ ረግጠን እንደምናደርቀው ድንች ልስልስ ይላሉ። ቀኙ፣ የቀበሮው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጠጠር ነው። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ከዳር ዳር ነዳሁት፤ መሀል ስደርስ ድንበሩን እጄ አወቀው። ወደ ፀሐይ ባወጣኋቸው በሦስተኛው ቀን ደግሞ የተኙት ተነሡ። ለካ ብርድ ሲጠናባቸው ውሃቸውን ጥለው ይተኛሉ። ጠባያቸው ነው።

ብራንዲስን ጠርቼ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አልኩት። እኔ፣ ለእሱ! እጁን ይዤ ከግራ ወደ ቀኝ ወሰድኩት። መልሶ ከቀኝ ወደ ግራ ሄደበት፣ ደግሞም ሄደበት። «ለመሆኑ ሞኙ ማን ነው?» አለና ኪሱን ዳብሶ እርሳስ አወጣ። «አክስትህ ምን ብለው ነው የሚጠሯቸው?» አለኝ። በሁለት ሰሌዳ ጻፈው፤ «አይራምፖ»፣ «የቀበሮ አይራምፖ»።

ይህን እኛ እንዴት አላወቅንም ብዬ ሳሰላስል ነበር። ፍሬ የሚለቀመው በማርች ነው። በጁን ብርድ ጎህ ሲቀድ መንደሩ በሙሉ በባዶ እግሩ ድንች ይረግጣል፤ ያን ጊዜ ቁልቋል ሊነካ ኮረብታ የሚወጣ ማን አለ? እንግዲህ ይስሙኝ። የቹኞው ብርድ ሲገባ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ኮረብታው ላይ ሄደው በእጅዎ ይዳብሱ። የተኛው የእኛ ነው። አጎቴ ኒካኖር ለላማ ጆሮ የምናስረውን ቀይ ሱፍ ይሰሩበት። ማርች ላይ ሱፍ ካለበት ብቻ ይለቅማሉ።

በጃንዋሪ ልልክልዎ ያሰብኩትን ሌላ ነገር ሁሉ ተውኩት። ይህ ይድረስልኝ እንጂ።

ልጅዎ ዊልፍሬዶ


ቹኪ ፓምፓ
ጁን 25 ቀን 1995

ለዊልፍሬዶ፣

እንደገና እኔ ኒካኖር ነኝ። ቅንፉን ነቅታብኛለች። «እኔ ሳልናገር ብዕርህ ይጫጫራል» ብላ በከዘራዋ ሰጠችኝ። በዚህ ደብዳቤ አንድ ቅንፍ ብቻ ተፈቅዶልኛል፣ መጨረሻ ላይ።

ልጄ፣ ያየኸውን ያሳየህ አምላክ ዕድሜ ይጨምርልህ። ይቅርታውንማ ገና ሳትጠይቀኝ ሰጥቼሃለሁ፤ አታንሣብኝ።

ብርዱ ዘንድሮ ቀደም ብሎ ገባ። የመጀመሪያው ቀን ኒካኖር መንገዱን እየመራኝ ወጣን። እጄን ሰደድኩ። የመጀመሪያው ቆሟል፣ ጠጠር። ሁለተኛው ቆሟል። ሦስተኛው እጄ ሥር እጥፍ አለ። ልጄ፣ ጮህኩ! ኒካኖር ወጋሽ ወይ ብሎ ደነገጠ። እንደ ኮረዳ ደስ አለኝ። ከዚያ በየማለዳው ወጣን። እጄ ወንፊት ሆኗል፣ ግድ የለኝም። ትናንት ማለዳ ላይ ሱፍ የታሰረባቸው መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ሲፕሪያና ሰምታ መጣች። ካምና የወደቀ ደረቅ ፍሬ ከሥራቸው እያነሣች በጥፍሯ አሸች፤ አንድም አልሳትኩም። እጇን አራግፋ ሄደች፣ ማታ ግን በሬ ላይ አይብ ተቀምጦ አገኘሁ።

እና ፎርቱናታን ስጠብቅ የምላትን ቃል በቃል አጥንቼ ነበር። ሥራዬን እሠራለሁ፣ አልሄድም፣ አራት ነጥብ።

ትናንት የበዓሉ ዕለት ነው። ኒካኖር «ቅደሚ፣ ሱፍ ይዤ እደርሳለሁ» ስላለኝ መንገዱን በከዘራ እየፈለግኩ ብቻዬን ወጣሁ። ተንበርክኬ ስዳብስ ኮቴ መጣና አጠገቤ ጥላ ቆመ። «ዘገየህ፣ አንተ ሽማግሌ። በል እዚህ እሰር» አልኩት። አሰረ። «እዚህም።» አሰረ። ዛሬስ አፉን ዘጋ፣ ተመስገን አልኩ። እየሠራን አወራሁት። ፎርቱናታ ዛሬ ትመጣለች አልኩት። አልሄድም እላታለሁ፤ ግን ለአንተ ልንገርህ፣ ባለፈው ወር ምድጃው ላይ ሁለቴ ወድቄያለሁ፣ ክንዴ ተቃጥሏል፣ ሸፍኜው ነው። ብቻዬን መሆን ፈርቻለሁ። ይህን ለእሷ እንዳትነግራት፣ ሸክም መሆኔን የምታውቅ ቀን ልቤ ይሰበራል አልኩት።

ያን ጊዜ ሲቃ ሰማሁ። የኒካኖር አልነበረም።

ከኮቴዋ ጀምሮ አጠገቤ ነበረች። ያንን ሁሉ ሰዓት ሱፉን የምታስረው እሷ ነበረች። መቶ አሥራ ሁለት ቁልቋል፣ አንዱን ካንዱ፣ በጨለመ ዓይኔ ለየሁ። የወለድኳትን ልጅ ግን አጠገቤ ቆማ አላወቅኳትም።

ነይ እንሂድ አላለችኝም፣ ዊልፍሬዶ። እንባዋን ጠርጋ «የቀረው የቱ ነው እማ?» አለችኝ። የቀሩትን አብረን ጨረስን። ከኮረብታው ስንወርድ ክንዴን ይዛኝ ነበር። እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላነሣኝም፣ እኔው ተነሣሁ።

ነገ በጠዋት መኪናው ይነሣል። በማርች ፎርቱናታ ለለቀማ ታመጣኛለች፣ ምላለች። ከሁለቱም አንድ አንድ በማሰሮ ነቅዬ ይዣለሁ። ፖቶሲም ብርድ አለ፤ መስኮቱ ሥር አስቀምጬ የልጅ ልጆቼን እጅ አስተምራለሁ። ማሰሮዎቹን ወደ ሰሜን ነው የማዞረው። አንተ ግን እባክህ የአንተን ወደ ደቡብ መልሰው።

አክስትህ ኤውሎሂያ

(እኔ ኒካኖር። ደብዳቤውን ሳልልከው ሦስት ሳምንት በቤቴ ቆየ፣ ይቅር በለኝ። የዚያን ቀን የዘገየሁት ሆን ብዬ ነው፤ ፎርቱናታ መኪናዋን በሬ ላይ ስታቆም «ኮረብታው ላይ ናት፣ ሱፉን ያዥና ሂጂ» ያልኳት እኔ ነኝ። ለአክስትህ አልነገርኳትም፣ አንተም አትንገራት። ትናንት ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ዓይኔን ጨፍኜ ዳበስኩ፤ ሱፍ ያለበት ሁሉ ተኝቷል። ወደ ፖቶሲ ስትጽፍላት አንድ ቅጂ ለእኔም ላክልኝ። ጮክ ብዬ ማንበብ ለምጃለሁ።)